በባሌ ተዝካር ቀን የጠጣሁት ጠላ

ባሌን የቀበርነው በሐምሌ ነው፣ ዝናብ እየወረደ። ሹፌር ነበር፤ ከቡሬ በቆሎና በርበሬ ጭኖ ወደ ነቀምት ይመላለስ ነበር። እኔ ፍኖተ ሰላም ገበያ ዳር፣ አንድ ሱቅ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናዬን አስቀምጬ ልብስ እሰፋ ነበር። በሞተበት ዓመት ሱሪውን ሦስት ጊዜ አጠበብኩለት። በሦስተኛው የኋላ ኪሶቹ ሊገናኙ ምንም አልቀራቸውም። አይቶ ሳቀ፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠና እስኪመሽ አልለቀቀውም።

ሐኪሙ ሁለታችንንም አስቀምጦ ነግሮናል። ቫይረሱ እኔም ደሜ ውስጥ አለ፤ የሦስት ዓመቷ ልጃችን ግን ነፃ ናት። ያኔ መድኃኒቱ በነፃ አይሰጥም ነበር። ያለንን ሁሉ ብንሸጥ ለአንድ ሰው የጥቂት ወር እንኳ አይሆንም፤ ስለዚህ ዋጋውን ጠይቀን ተመለስን። ማን ለማን እንዳመጣው አውቃለሁ፤ እሱም ያውቃል። አንድ ቀን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ "ይቅር በይኝ" አለኝ። "ኋላ" አልኩት። ኋላ የሚባል ጊዜ አልነበረውም። እስከ ዛሬም ይቅር አላልኩትም።

የተቀበረው በትውልድ ደብሩ ነው፤ ከገበዝ ማርያም ከተማ በላይ፣ መኪና ከሚያደርስበት የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ። እናቱ ከመሞቱ በፊት "ልጄን የበላው የሰው ዓይን ነው" ይሉ ነበር፤ ጠበል ለጠበልም አዙረውታል። አፈር ከቀመሰ በኋላ ግን ቃላቸው ተለወጠ። ለቀስተኛው ፊት ወደ እኔ እያዩ፣ "ከተማ ምን እንደምታመጣ ማን ያውቃል" ማለት ጀመሩ። የእሳቸው ዘመን ሰው በሽታን በስሙ አይጠራም፤ በሰው ላይ ነው የሚያሳብበው።

በሦስተኛው ቀን የባሌ ታላቅ ወንድም እኔ ከተቀመጥኩበት ራቅ ብሎ ቆመና፣ "ሕፃኗ በብርድ ልትሞት ነው፤ ቁልፉን ስጪኝና ወርጄ ልብሷን ላምጣላት" አለኝ። ደግ ሰው መሰለኝ። ቁልፉን ከመቀነቴ ፈትቼ ሰጠሁት። በማግስቱ የልጄን ሹራብና አንድ ቀሚስ ይዞ መጣ። መረቅሁት።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ቤቴ ስገባ የስፌት መኪናዬ የለችም። ለክረምት ከበረንዳው አስገብቼ በመስኮቱ ሥር አቁሜያት ነበር፤ እግሮቿ በመሬቱ ላይ የተዉት አራት ጉድጓድ ብቻ ቀርቷል። ያቺን መኪና ሳላገባ በፊት በእቁብ ነው የገዛኋት። ሁለት ዓመት ሙሉ ምሳ ሳልበላ የጣልኩት እቁብ ነው። ጎረቤት ስጠይቅ፣ "አማችሽ በጋሪ ጭኖ ወሰዳት፣ ቡሬ ላይ ተሸጠች ሲባል ሰማን" አሉኝ።

ልጄን አዝዬ በማግስቱ ተመልሼ ወጣሁ። አማቴ በራፍ ላይ ተቀምጠው ጌሾ ይለቅማሉ።

"እንደምን ዋሉ እሜቴ። ስለ መኪናዬ ነው የመጣሁት።"

"ለነፍሱ ይሁን ብለን ሸጥነው" አሉ ቀና ሳይሉ። "ተዝካሩ በምን ይውጣ? ልጄ እንደ ውሻ ይረሳ?"

"የኔ ላብ ነው እሜቴ። ልጅዎ አምስት ሳንቲም አላወጣበትም።"

"የሚስት የባል አይደለም?" አሉና አሁን ቀና ብለው አዩኝ። "ደግሞስ አንቺስ እስከ መቼ ልትሰፊበት ነው?"

ይህን ሲሉ ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም። እህል ስንት ቀን እንደሚቆይ እንደሚያሰላ ሰው ነበር የተናገሩት። ውሃ ጠየቅሁ። በቆርቆሮ ጣሳ ሰጡኝ። ጠጥቼ ስመልስ በእጃቸው አልተቀበሉኝም፤ መሬት ላይ እንዳስቀምጠው በአገጫቸው አሳዩኝ፣ ከዚያ በዱላ ጫፍ አንጠልጥለው ከአጥሩ ባሻገር ወረወሩት። ልጄ ከጀርባዬ ላይ ሆና ጣሳው ሲበር አየችና ጨዋታ መስሏት ሳቀች።

ለቀበሌው ማኅበራዊ ፍርድ ቤት ከሰስሁ። "መኪናው ያንቺ ስለመሆኑ ምስክር አምጪ" አሉኝ። እቁብተኞቹን አንድ በአንድ ለመንኳቸው። አንዷ ልጇ ታሞባታል፣ አንዷ መንገደኛ ናት፣ አንዷ በሩን ከውስጥ ይዛ ነው ያነጋገረችኝ። ከእኔ ጎን መቆም የሚደፍር አልነበረም። በእጄ ልስፋ ብዬ ቁልፍ መትከልና ዘምዘማት ስጠይቅ፣ "በመርፌ ብትወጋና ደሟ ጨርቁን ቢነካስ" ተባለ። አልጋዬን ሸጥሁ። አከራዬ ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ግን "እኔ አንቺን አልፈራም፣ ሌሎቹ ተከራዮች ናቸው" እያለች በየሳምንቱ መውጫዬን ትጠይቀኝ ነበር። ማታ ማታ ለልጄ ቆሎ ቆልቼ አበላትና እኔ ውሃ እጠጣለሁ። ያን ጊዜ የማስበው ስለ ሞት አልነበረም። ስለ ተዝካሩ ነበር። የኔ መኪና ጠላ ሆና፣ ሥጋ ሆና፣ ሰው ጠግቦ "ነፍስ ይማር" ሲል እየታየኝ እንቅልፍ አጣሁ።

የአርባው ቀን ጥቁሬን ለበስሁ፤ ልጄን አዝዬ በጭቃው ወጣሁ። የሟች ሚስት ተዝካር ላይ እንዳትገባ የሚከለክል ሕግ የለም፤ ይህን አውቃለሁ፣ እነሱም ያውቃሉ። ዳሱ ሰፊ ነበር። ካህናቱ ፍትሐቱን ጨርሰው በላይኛው መደብ ተደርድረዋል፤ አገሩ ሁሉ ተጠርቷል። ከጓዳው በር ጎን ስምንት ጋን ጠላ ቆሟል። ቆጠርኳቸው።

የባሌ ወንድም ሲያየኝ ለአሳላፊዎቹ በዓይኑ ጠቀሰ። ከጎተራው ኋላ ድንጋይ ላይ አስቀመጡኝ፤ በአሮጌ ሳህን ምግብ፣ በጣሳ ጠላ መጣልኝ። ሳህኑን ለልጄ ሰጠኋት፤ ጣሳውን መሬት ላይ ደፋሁትና ተነሣሁ። ሰው አላየኝም፤ መጀመሪያው ላይ መብል ነው ሰው የሚያየው። ወደ ጋኖቹ ሄድኩ። ከመጀመሪያው ጋን የመቅጃውን ቅል አነሣሁ፣ ሞላሁት፣ አፌን አስነክቼ በረጅሙ ጠጣሁ፣ የተረፈውን መልሼ ጋኑ ውስጥ ገለበጥኩት። ወደ ሁለተኛው አለፍኩ። ሦስተኛው ላይ ስደርስ አንዲት አሳላፊ ጮኸች።

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። አራተኛውን ጠጣሁ። ማንም እጄን ሊይዝ አልደፈረም፤ መንካቴን ፈርተው ነበር። ያን ቀን ፍርሃታቸው ጋሻዬ ነበር። ስምንተኛው ላይ ስደርስ ሆዴ ተነፍቶ፣ ከአገጬ ጠላ እየተንጠባጠበ፣ ወደ አማቴ ዞርኩ።

"እሜቴ፣ የጠላኝ ሰው ጠላ እንዲህ ይጣፍጣል እንዴ?"

ከካህናቱ አንዱ፣ ሽማግሌ መሪጌታ፣ ሳያስበው ፈገግ ሲል አየሁት። ከዚያ ግን ዋንጫውን ቀስ አድርጎ መሬት ላይ አስቀመጠ። ያን ያዩ ሁሉ አስቀመጡ። ጥቂቶች ጣታቸውን ጉሮሯቸው ውስጥ ከተው ወደ አጥሩ ሮጡ። እኔ ከጋኖቹ አጠገብ ቆሜ አየኋቸው። ከተወለድኩ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ያኔ ነው የባሌ ታናሽ እህት ከሴቶቹ መካከል የተነሣችው። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ገበዝ ማርያም ቤት ተከራይታ ትማራለች፣ ትምህርት ቤቷ ውስጥ የፀረ ኤድስ ክበብ አባል ናት። ለጥር ሰርጓ ተቆርጧል። መጥታ ቅሉን ከእጄ ወሰደችው።

"በመጠጥ አይተላለፍም!" አለች። "በመብልም አይተላለፍም፤ ተምረነዋል! ለምን ትሸሻላችሁ?" እኔ ከጠጣሁበት ጋን ሞላች፣ እኔ በጠጣሁበት ቅል እስከ ታች ጠጣች።

ልታድነኝ ነበር የፈለገችው። እኔ ግን በዚያች ሰዓት ልመታት ከጀለኝ። በቀሌን ልታበላሽብኝ መሰለኝ። ሰው ቢያምናት ኖሮ ተዝካሩ ይቀጥል ነበር። ግን የደብተር ትምህርት በዚያ ዳስ ውስጥ ማን ያምናል? "ጉድ፣ ይቺንም ጨረሰቻት" አለ አንዱ። ሰው እንደ ጎርፍ ወጣ። ከሕዝቡ ውስጥ የእጮኛዋ አባት ነበሩ፤ በቅሏቸውን ፈትተው ሳይሰናበቱ ሲሄዱ አየሁ። ወንድሟ በዱላ ሁለት ጊዜ ትከሻዋን አላት። አማቴ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ።

ልጄን አዝዬ ቁልቁለቱን ግማሽ ከወረድኩ በኋላ ከኋላዬ የእግር ድምፅ ሰማሁ። ሊደበድቡኝ መጡ ብዬ ድንጋይ አነሣሁ። እሷ ነበረች፤ ጫማዋን በእጇ ይዛ።

"ልጅቷን ስጪኝ እትዬ፤ ደክሞሻል" አለችኝ። ከጀርባዬ አውርዳ አዘለቻት። "ወዴት ነው የምትሄጂ?" አላልኳትም። ድንጋዩን ጥዬ አብረን ወረድን። በሆዴ ግን፣ መኪናዬን ወሰዳችሁ፣ ልጃችሁን ወሰድኩ፣ እያልኩ ነበር።

ፍኖተ ሰላም ተመዘገበችና ትምህርቷን ቀጠለች። ከትምህርት መልስ ገበያ ወጥታ ሽንኩርትና ቲማቲም በመደብ ትሸጥ ነበር፤ ከእሷ የማይገዛ አልነበረም። ለስፌት መኪና ኪራይ የሚሆን ያጠራቀምነው ከዚያ ነው፤ መልሼ መስፋት ጀመርኩ። መድኃኒቱም በነፃ መሰጠት ሲጀመር ጎትታ ያስመዘገበችኝ እሷ ናት። በሕይወት ያለሁት በእሷ ነው።

ከላይ የሚመጣውን ወሬ እየለቀምኩ እሰማ ነበር። ካህናቱ "ያ ተዝካር አይቆጠርም" ብለው ሌላ እንዲወጣ አዘዙ፤ የባሌ ወንድም የእርሻ በሬውን ሸጦ ደገመው። ይህን የሰማሁ ዕለት ለልጄ ሥጋ ገዛሁ። ሌላም ወሬ ነበር፤ በዚያው ደብር አንዲት የታመመች ሴት ከምንጩ እንዳትቀዳ ከልክለዋት፣ "የተዝካሩን አላያችሁም?" ይሉ ነበር አሉ። ያን ዕለት ሥጋ አልገዛሁም። ያቺን ሴት አላውቃትም። የእሷ ነገር እስከ ዛሬ ይከብደኛል።

በሁለተኛው ዓመት፣ በገበያ ቀን፣ አማቴ መጡ። አንድ ቅል ቅቤና ሁለት ዶሮ ይዘዋል። ከበረንዳው በታች ቆሙ፤ ከስተዋል። እንዲቀመጡ አልነገርኳቸውም።

"ልጄን ልያት ብዬ ነው" አሉ። "ልውሰዳት አላልኩም። ዓይኗን ብቻ ልይ።"

ልጃቸው በዚያች ሰዓት ክፍል ውስጥ ነበረች፤ የትምህርት ቤቱ አጥር ከቆምኩበት ይታያል። ስምንት ሰዓት ላይ ትወጣለች።

"ለነፍስ ይሁን ብዬ ወሰድኳት እሜቴ" አልኳቸው። "ደግሞ የለችም። ቡሬ ሄዳለች።"

"መቼ ትመጣለች?"

"አላውቅም።"

አላመኑኝም። ጥላው እስኪዞር ድረስ እዚያው ቆሙ፤ እኔ ፔዳሉን እረግጣለሁ፣ እሳቸው ያዩኛል። የመጨረሻው መኪና እንዳያመልጣቸው ሰባት ሰዓት ግድም ሄዱ። ቅቤውንና ዶሮዎቹን ትተው ነበር፤ ለመንገደኛ ሰጠሁ። ለልጃቸው አልነገርኳትም።

በተከታዩ ዓመት አማቴ ሞቱ። እኔ አልሄድኩም፤ "የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም" አልኩ። እሷ ብቻዋን ወጣች። በአራተኛው ቀን ተመልሳ ጫማዋን ሳታወልቅ በሩ ላይ ቆመች።

"እናቴ ልታየኝ መጥታ ነበር?"

ልዋሽ እችል ነበር። "አዎ" አልኳት።

"ቅቤ ይዛ?"

"አዎ።"

ጫማዋን አውልቃ ገባች። ያን ማታ ራት ሠራሁ፣ አብረን በላን፣ ልጄን አስተኛቻት። በሳምንቱ ዕቃዋን በአንድ ከረጢት አድርጋ ቡሬ ቤት ተከራየች።

የንስሐ አባቴ፣ "ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ነው ልጄ፤ ሁሉንም ጣይው" ይሉኛል። ለጋኖቹ ንስሐ ግቢ ሲሉኝ እምቢ አልኳቸው፤ ዛሬም ቢሆን ዘጠነኛ ጋን ቢኖር እጠጣዋለሁ። ለበሬውም አላዝንም። ያን የገበያ ቀን ግን ተናዘዝኩ፤ አርባ ስግደት ሰጡኝ፤ ሰገድኩ፤ አልቀለለኝም።

እሷ አሁን ቡሬ ታስተምራለች፤ ልጄንም ያስተማረቻት እሷ ናት ማለት ይቻላል። በዓል ሲሆን ትመጣለች፣ እንበላለን፣ እንስቃለን፣ ስለ መድኃኒቴ ትጠይቀኛለች። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ግን ሻንጣዋን አንስታ ወደ መናኸሪያ ትሄዳለች። እደሪ አልላትም። ብላትም እንደማታድር አውቃለሁ።