የተማርኩትን አሳየኋቸው

ደርግ በወደቀ በዓመቱ ገደማ የገጠመኝ ነገር ነው። ብዙ ሰው እንዲህ ያለውን ይረሳል። እኔ ግን ሻይ በቀረበልኝ ቁጥር ትዝ ይለኛል፤ ንዴቱ እስከ ዛሬ አልወጣልኝም።

የታንክ ሾፌር ነበርኩ። ሠራዊቱ ሲበተን ከባለቤቴ ጋር ባዶ እጃችንን ቀረን። ያኔ ለተመለሱ ወታደሮች ሙያ የሚያስተምር አንድ ድርጅት ሶማሌ ተራ፣ ጋሽ ታፈሰ የሚባሉ መካኒክ ጋራዥ መደበኝ። ድርጅቱ ለእሳቸው የማስተማሪያ ይከፍላል፤ እኔ ደግሞ ሙያውን ስጨርስ ሙሉ የመፍቻ ሳጥን ይሰጠኛል። ተስፋዬ ሁሉ ያቺ ሳጥን ነበረች።

ጋሽ ታፈሰ ግን ሞተር ሊከፍቱ ሲሉ ሁልጊዜ፣ «ሻምበል! ሻይ!» ይሉኛል። ሻምበል የሚሉኝ ለፌዝ ነው፤ አሥር አለቃ ነበርኩ። የቅርቡ ሻይ አይጥማቸውም። ፔርሙሱን ይዤ በተሸካሚና በጋሪ መሃል እየተጋፋሁ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ድረስ እሄዳለሁ። ስመለስ ሞተሩ ተገጥሟል። ወራት እንዲህ አለፉ።

አንድ ቀን ከድርጅቱ አንዲት ወጣት ከባልደረባዋ ጋር ልትጎበኘን እንደምትመጣ ተነገረን። ጋሽ ታፈሰ ጠዋት ጠሩኝና፣ «ሁሉንም እኔ ገጥሜዋለሁ። አንተ የመጨረሻዋን ብሎን አጥብቀህ ማስነሳት ብቻ ነው። ከዘባረቅክ ሳጥኗን በህልምህ ታያታለህ!» አሉኝ።

እንግዶቹ መጡ። ልጅቷ፣ «እስቲ የተማሩትን ያሳዩን» አለችኝ።

ደሜ ፈላ። እንደ ድሮዬ ቀጥ ብዬ ቆምኩና፣ «እሺ!» አልኩ። ጠዋት ያመጣሁትን ፔርሙስ አንስቼ ለእንግዶቹ ሻይ ቀዳሁ። ለጋሽ ታፈሰም እንደሚወዱት ስኳር አብዝቼ አማሰልኩላቸው።

«የተማርኩት ይሄን ነው» አልኩ።

«ቀልደኛ ነው እኮ!» ብለው ጋሽ ታፈሰ ሊስቁ ሞከሩ።

ልጅቷ አልሳቀችም። «ሌላስ?» አለችኝ።

«ብርጭቆም አጥባለሁ።»

ድርጅቱ በዚያው ከጋሽ ታፈሰ ጋር ተለያየ። እኔም ሙያ አልጨረስክም ተብዬ ሳጥኗ ቀረችብኝ። ባለቤቴ፣ «ምናለ አፍህን ብትይዝ?» እያለች አለቀሰች። ሌላ ጋራዥ እስኪገኝልኝ መርካቶ ውስጥ ኩንታል ተሸከምኩ። በኋላ የተመደብኩባቸው ጋሽ ሁሴን ግን በመጀመሪያው ቀን መፍቻ አስጨበጡኝ። ዛሬ የራሴ ጋራዥ አለኝ።

በቀደም ጋሽ ታፈሰ አርጅተው፣ መኪናቸውን አስገፍተው መጡ። አላባረርኳቸውም፤ ኮፈኑን ከፈትኩ። አጠገቤ መጥተው አንገታቸውን አስግገው ማየት ሲጀምሩ ግን ፔርሙስ አቀበልኳቸው።

«ጋሼ፣ ራጉኤል ድረስ ሄደው ሻይ ያምጡልኝ። የቅርቡ አይጥመኝም።»

ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ ፔርሙሱን ይዘው ሄዱ። ሲመለሱ መኪናው ተሠርቶ ኮፈኑ ተዘግቷል።

ሽማግሌ መላክ ነውር ነው የሚሉኝ አሉ። ነውር መሆኑ ጠፍቶኝ አይደለም። ግን በዕድሜዬ እንደዚያ ቀን የጣፈጠኝ ሻይ የለም።