ስኳር የገባበት ሲሚንቶ

ሰሞኑን ደሴ ከቤቴ ጎን ግንበኞች ግድግዳ ሲለስኑ የእርጥብ ሲሚንቶ ሽታ በመስኮት ገባና ቁርሴን አስረስቶ መካነ ሰላም፣ የልጅነቴ ግቢ ውስጥ አስቀመጠኝ።

ያኔ በየቀበሌው ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ የሚገነባበት ጊዜ ስለነበር፣ ታላቅ እህቴ ዘሃራ ከግንበኞች የተራረፈ ሲሚንቶ እየለመነች ታመጣና በውሃ በጥብጣ፣ አሮጌ ፎጣ ነክራ በተደፋ ባልዲ ላይ ጣል ታደርገዋለች፤ ከዚያ በብርድ የደነዘዙ ጣቶቿን እፍ እፍ እያለች እጥፋቱን ታበጃጃለች። በሦስተኛው ቀን ሲገለበጥ፣ ጠርዙ እንደ ቀሚስ ዘርፍ የተጥመለመለ የአበባ ማስቀመጫ ሆኖ ይቆማል። እናቴ “አልሐምዱሊላህ፣ ፎጣዬ እንኳ ለወግ በቃ!” ትል ነበር።

የእጅ ሥራ መምህራችን ተፈራ ከሁሉም የሚያምሩትን ሁለቱን “ለኤግዚቢሽን” ብሎ ወሰዳቸው። ደሴ ላይ በራሱ ስም አሳይቶ፣ የምስክር ወረቀት ተቀብሎ መጣና በመስታወት አስገጥሞ ቢሮው ሰቀለው። ዘሃራ ሳምንት ሙሉ እህል አልዋጥልሽ አላት። “ተይው፣ አላህ ያየዋል” አለችኝ። እኔ ግን የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ያን ያህል መታገሥ አልቻልኩም። ቂሜን እንደ ጥርስ ሕመም ይዤ ከረምኩ።

የትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ሊመረቅ ሲል ርእሰ መምህሩ ተፈራን ለእንግዶች አንድ ማስቀመጫ ሠርቶ እንዲያሳይ አዘዘው። ተፈራ ደግሞ ጨርቅ ነክሮ አያውቅም። ዘሃራን ፍለጋ ቤታችን መጣ፤ እሷ አቀስታ አክስታችን ዘንድ ሄዳ ስለነበር ያገኘው እኔን ነው።

“እህትሽ ምን ምን ነበር የምትጨምርበት?”

“ሲሚንቶ፣ ውሃ… ደግሞ ሁለት ጭብጥ ስኳር፣ ጋሼ። እስኪመረቅ በላስቲክ ሸፍነው እንዳይነኩት።”

“ወላሂ በይ!” አለኝ፤ ክርስቲያን ቢሆንም የወሎ ሰው ነው።

“ወላሂ፣ ስኳር ሲገባበት በዓይኔ አይቻለሁ።”

አልዋሸሁም። ዘሃራ አንድ ጊዜ ስኳር በቀረበት ጣሳ በጥብጣ፣ ሲሚንቶው ሳምንት ሙሉ አልጠነክር ብሎ ተደፍቷል።

በምርቃቱ ቀን ተፈራ ከረባቱን አስሮ ስለ ፈጠራ ረጅም ንግግር አደረገና ላስቲኩን ገፈፈ። ባልዲውን ሲያነሳው ፎጣው ተዝለፍልፎ ሲሚንቶው እንደ ቀጠነ ገንፎ ሱሪውና ጫማው ላይ ፈሰሰ። እንግዳው፣ ተማሪው፣ ዘበኛው ሳይቀር ሳቀ፤ ከሁሉም አስበልጬ የሳቅኩት እኔ ነበርኩ፤ ያ ሳቅ ዛሬም አፌ ላይ ይጣፍጠኛል። “ገንፎ” የሚል ስም ወጣለት። ዓመቱ ሲያልቅ ተዛውሮ አጅባር ገባ።

ዘሃራ ስትመለስ ሮጬ፣ እያለከለክሁ ነገርኳት። እቅፍ ታደርገኛለች ብዬ ነበር። እስክጨርስ ሰማችኝና፣

“ሁለቱ ማስቀመጫዎች የማን ሥራ እንደነበሩስ ለእንግዶቹ ነገርሻቸው?” አለችኝ።

“አይ…”

“እንግዲያው እሱን አዋረድሽው እንጂ ለእኔ ምን አደረግሽልኝ?”

ከዚያ ወዲያ ሲሚንቶ አልነካችም። አቀስታ ተዳረች፤ ወለደች፤ ዛሬ ልጆቿ እንኳ ያን እጇን አያውቁትም። ሁለቱ ማስቀመጫዎች ደሴ የት እንደወደቁ የሚያውቅ የለም፤ ብዙ ጠይቄያለሁ።

በስኳሩ አልጸጸትም፤ ተፈራ ዛሬም ቢመጣ ሦስተኛ ጭብጥ እጨምርለታለሁ። የሚቆጨኝ፣ ያ ሁሉ ሰው ተሰብስቦ ሳለ አፌን የከፈትኩት ለሳቅ ብቻ መሆኑ ነው።