ሁለት ሁለት ሴንቲ

ሊወስዱኝ የመጡት ሒሳብ እያስተማርኩ ነበር። የአራተኛ ክፍል ልጆቼ በቡድን ተከፋፍለው፣ በየአሥር ሴንቲ ሜትሩ በተቋጠረ ሲባጎ በሩንና ወንበሩን ይለካሉ። ሁለት የታጠቁ ሰዎች በር ላይ ቆሙና አንደኛው «መምህር፣ ለጥያቄ ትፈለጋለህ» አለኝ። ልጆቹ ፈዘው ቀሩ። «ለክታችሁ ጨርሱ» ብያቸው ወጣሁ። ጥፋቴ ምን እንደሆነ ያን ቀን የነገረኝ የለም፤ ዛሬም አላውቀውም።

የገባሁበት ቤት ቀድሞ የእህል መጋዘን ነበር። ቆርቆሮው ቀን ይግላል፣ ፀሐይ ስትገባ ደግሞ የላስታ ብርድ ከሲሚንቶው ሥር ይነሳል። በወለሉ ስንጥቅ ውስጥ የገብስ ፍሬ ቀርቶ ነበር። ቀበቶዬንና የጫማ ክሬን በር ላይ ስለተቀበሉኝ፣ ሱሪዬን በአንድ እጄ ይዤ ነው ከሰዎቹ ጋር የተዋወቅሁት።

የመኝታ ቦታ የሚደለድለው ካቦው፣ ማለትም እስረኞቹ የመረጡት የክፍሉ አለቃ ነበር። ከመንገድ ዳር ከተማ የመጣ ሙስሊም ነጋዴ ነው፤ ወፍራም፣ ሲስቅ ቆርቆሮው የሚያስተጋባለት ሰው። ሕጉ አንድ ነው፤ ለአንድ ሰው ሁለት ስንዝር፣ በራሱ እጅ። «ትልቅ ሰው ትልቅ እጅ አለው። አላህ ራሱ ለክቶ ሰጥቶናል» ይል ነበር። ነገሩ ልክ ይመስላል። ግን ጣቱ እስኪንቋቋ ወጥሮ የሚሰነዝር ነበር፤ ትከሻው ሰፊ ሆኖ እጁ ትንሽ በመሆኑ የሚጨመቅም ነበር። ሁላችንም የምንተኛው በጎን ነው። አንዱ ሲገላበጥ ረድፉ በሙሉ ይገላበጣል።

ከአጠገቤ ከገነተ ማርያም በኩል የመጡ አንድ አዛውንት ገበሬ ነበሩ። ጉልበታቸው አብጦ አይታጠፍም፣ በጎን መተኛትም አይሆንላቸውም። በጀርባቸው እንዳይተኙ ቦታው አይበቃም። ስለዚህ ግድግዳ ተደግፈው፣ ቁጭ ብለው ነበር የሚያነጉት። ጠዋት ጠዋት ፊታቸው አመድ ይመስላል። አንድም ቀን ሲያማርሩ አልሰማሁም፤ እሱ ነው ይበልጥ አንጀቴን የበላው።

ካቦውን «ለአባታችን ቦታ ይጨመርላቸው» አልኩት።

«ከማን ላይ ልንሳ? ሁለት ስንዝር ካለው ሰው አንዱን ብወስድበት ቆሞ ሊያድር ነው? ወላሂ፣ ሳላዝንላቸው ቀርቼ አይደለም።»

እውነቱን ነው። በዚያ ቤት የነበረው ትንሹ መለኪያ ስንዝር ነበር። ስንዝር ደግሞ ለመስጠት ትልቅ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ከጋቢዬ ጫፍ ክር መምዘዝ ጀመርኩ።

«ምን ልትሠራ ነው ልጄ?» አሉኝ አዛውንቱ።

«ሜትር ልሠራ ነው አባቴ።»

«ሜትርማ ያለው ጨርቅ ነጋዴ ቤት አይደለም እንዴ?»

የእኔ ስንዝር ሃያ ሴንቲ ሜትር ናት። ተማሪ ፊት ስለካት ስለኖርኩ ከስሜ እኩል አውቃታለሁ። አምስቴ ሰንዝሬ ክሩን በጥርሴ በጠስኩ፤ ስንዝሩን እያጠፍኩ በየአሥሩ ቋጠርኩ። ከዚያ እስረኞቹን ተማሪዎቼን እንደማደርገው አደረግኋቸው፤ በቃል ምንም አላስረዳሁም፣ ክሩን ሰጠኋቸው። ትከሻቸውን ለኩ፣ በሩን ለኩ፣ የካቦውን ሆድ ዞረው ሲለኩ ክሩ አጠረና ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። በመጨረሻ በሁለት ቋጠሮ መካከል አውራ ጣታቸውን እየደረደሩ እንዲቆጥሩ ነገርኳቸው። የብዙዎቹ አምስት ጊዜ ገባ። ሁለት ሴንቲ ማለት ነው። የካቦው አራት ጊዜ ብቻ።

«የእኔማ ሁለት ተኩል ናት!» አለ፣ ጣቱን ከፍ አድርጎ።

«በረድፋችን ከአባታችን ሌላ ሃያ ሰው ነን» አልኳቸው። «እያንዳንዳችን ሁለት ሁለት ሴንቲ ብንለቅስ?»

የእኔ ነገር አልገባቸው ይሆን ብዬ ስፈራ፣ አንዱ በክሩ ሃያ አውራ ጣት ደረደረ። አርባ ሴንቲ ወጣው። የአንድ ሰው መኝታ ነው! ስንዝር ልቀቅ ቢባል የሚቆጣው ሁሉ የገዛ አውራ ጣቱን አየና «ይቺንማ» አለ።

ከሰዓት በኋላ ለቆጠራ የመጣው ጠባቂ ክሩን አየ።

«ገመድ ክልክል ነው።»

«ሜትር ነው» አልኩት።

«ሜትርም ክልክል ነው» አለና ጠቅልሎ ኪሱ ከተተው።

በሩ ሲዘጋ ሁሉም አንገቱን ደፋ። የተስማማነው ነገር ከክሩ ጋር የወጣ መሰለኝ። መጀመሪያ የተነሳው ካቦው ነበር። ቦታው ጠርዝ ላይ ተንበረከከና አውራ ጣቱን በሲሚንቶው ላይ አጋድሞ፣ በልኩ ወደ ዳር ተጠጋ። «ከእኔ ግማሿ ምርቃት ናት» አለ። ቀጣዩም በተለቀቀለት ላይ የራሱን ጣት ጨምሮ ተጠጋ፣ ከዚያ ቀጣዩ። የሚሰማው ወለሉ ላይ የሚጎተት ልብስ ብቻ ነበር። ተራው ደርሶኝ እኔም ስጠጋ በእኔና በአዛውንቱ መካከል ቦታው ባዶውን ተኝቶ ነበር።

አዛውንቱ «የሰው ቦታ ወስጄስ?» አሉ።

«የማንም አይደለም አባባ፣ የእርስዎ ነው፤ ይተኙ» አላቸው ካቦው።

በእጃቸው ጉልበታቸውን ደግፈው ቀስ ብለው ተጋደሙ፣ በጀርባቸው ተዘረጉ። ገና ሳይመሽ ማንኮራፋት ጀመሩ። ማንኮራፋታቸው ቆርቆሮውን ሲያንቀጠቅጠው የቀሰቀሳቸው ሰው የለም።

እኔ ከተፈታሁ በኋላ አዛውንቱን አላየኋቸውም። የዚያ ረድፍ ሰዎች በፖለቲካ ተስማምተን አናውቅም፤ ያን ቀን እንኳ ጠዋት ስንጨቃጨቅ ነበር ያረፈድነው። ዛሬ አገሩ ሁሉ ስንዝር መሬት አልለቅም እየተባባለ ሲጣላ ስሰማ፣ ያ ካቦ ተንበርክኮ ይታየኛል። ሁለት ሴንቲ ልቀቁ ብሎ የጠየቀ ሰው እስካሁን አልሰማሁም። እኔ ልጠይቅ ብዬ አስባለሁ። የቸገረኝ ከማን እንደምጀምር ነው።