ወደ ግራ የምትጎትተው መኪና

መካኒኩን የገዛ አባቱ አሮጌ መኪና ግራ አጋብታው ነበር። አባቱ ዕድሜያቸውን ሙሉ ታክሲ የነዱ ሽማግሌ ናቸው። «ልጄ፣ ወደ ግራ ትጎትተኛለች» እያሉ በየሳምንቱ ጋራዡ ድረስ ያመጡለታል። እሱም የጎማዎቹን ነፋስ ለካ፣ የመሪውን ቴስቲና ቀየረ፣ የፊት ሞላዎቹን ፈታትቶ ገጠመ። ራሱ ሲነዳት ግን ቀጥ ብላ ትሄዳለች።

ቢቸግረው አንድ ቀን «አባባ፣ እስቲ እርስዎ ይንዷት» ብሎ አጠገባቸው ተቀመጠ። ገና አስፋልቱ ላይ እንደወጡ የአባቱ ግራ እጅ እንደ እርጥብ ጨርቅ ዝሎ፣ መሪውን ይዞ ቁልቁል ሲወርድ አየ። እሳቸው አልታወቃቸውም።

«ይኸው! ጎተተችኝ! አላልኩህም?» አሉ ደስ ብሏቸው።

መካኒኩ እውነቱን ቢናገር አባቱ በቁማቸው ይሞታሉ፤ ዝም ቢል መንገድ ላይ ሰው ይፈጃሉ። ወዲያ ገደል፣ ወዲህ ገደል ሆነበት።

«አዎ አባባ፣ አየሁት። ብልሽቱ ከባድ ነው፤ እኔ ጋ ትቆይ» አላቸው።

ጎማዎቿን አወላልቆ ግንድ ላይ አስቀመጣት። «ሐኪም ቤት ልውሰድዎት» ብሎ ሲለምናቸው «እኔ ምን ሆንኩ? ይልቅ እሷን አክማት!» ይሉታል። ጠዋት ጠዋት እየመጡ መሪው ፊት ይቀመጡና «ዛሬስ?» ብለው ይጠይቁታል። እሱም ዓይናቸውን ላለማየት መኪናዋ ሥር ይገባና ጤነኛውን ብረት በመዶሻ ይቀጠቅጣል።