ደህናው ዓይኔ የተሸፈነበት ክረምት

የፕላስተር ሽታ በሸተተኝ ቁጥር ሞጣ ያለው ሱቃችን ከነአቡጀዲው ጣቃ፣ ከነአዝራር ቆርቆሮው ፊቴ ድቅን ይላል።

ስድስት ዓመቴ ነበር። ግራ ዓይኔ ወደ አፍንጫዬ እየሸሸች ስታስቸግር፣ ጨርቅ ነጋዴው አባቴ ቢቸና ሐኪም ዘንድ ወሰደኝ። ሐኪሟ ደህናውን ቀኝ ዓይኔን በእጇ ስትጋርደው ፊት ለፊቴ ያለው ግድግዳ ጉም ሆነብኝ። ክብ ክብ ፕላስተሮች ሰጥታን «ደህናውን በየቀኑ ሸፍኑላት፤ የሰነፈችዋ ካሁኑ ካልሠራች ብርሃኗ እንደደከመ ይቀራል። ብታለቅስም እንዳትተዉ» አለችው።

ያን ክረምት ቤታችን ጦር ሜዳ ሆነ። እናቴ ስትለጥፍልኝ፣ እኔ በር ጀርባ ተደብቄ ልጬ እጥለው ነበር፤ የሰፈሩ ልጆች «አንድ ዓይና!» እያሉ ይከተሉኝ ነበርና። አንድ ጠዋት እናቴም አብራኝ አለቀሰች።

«ይቅርባት በቃ! እንዲህ እያሰቃየኋት አልችልም» አለች።

አባቴ አንድ ፕላስተር አንስቶ የራሱን ቀኝ ዓይን ሸፈነና እጄን ይዞኝ ሱቅ ሄደ!

«ምነው ጋሽ ሰዒድ፣ ዓይንዎን ምን ነካዎት?» ይሉት ነበር ደንበኞቹ።

«ከልጄ ጋር ሥራ ይዘናል» ብሎ መቀሱን ሊያነሳ እጁን ሲዘረጋ አየር ይጨብጣል፤ እኔ በሳቅ እፈርሳለሁ። «ነይ እንጂ ሐያትዬ፣ ጥቁሩ አዝራር ጠፋብኝ!» ሲለኝ ቆርቆሮውን ዘርግፌ፣ አፍንጫዬን አስጠግቼ እፈልግለት ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ እኔ ስሸፍን እሱም ይሸፍን ስለነበር መላጡን ረሳሁት። ታናሽ ወንድሜ ከድር እንኳ «ለእኔስ?» ብሎ አለቀሰ!

መስከረም ሲጠባ፣ የቀለም ነጠብጣብ ብቻ ይመስሉኝ የነበሩት አዝራሮች ቀዳዳ አወጡ። ትምህርት ቤት ገብቼ ፊደል መቁጠርም ጀመርኩ። ጥር ላይ፣ ቀኝ ዓይኔ እንደተሸፈነ የሱቁ በረንዳ ላይ ቆሜ ሳለ አንድ አውቶቡስ መጥቶ ፊት ለፊታችን ቆመ። መስታወቱ ላይ የተጻፈው ሲርገበገብ ቆየና ድንገት ረጋልኝ።

«ቢ… ቸ… ና! አባ፣ ቢቸና ይላል! በሰነፏ ነው ያየሁት!»

አባቴ የሚለካውን ጨርቅ አቧራ ላይ ጥሎ ትከሻው ላይ አወጣኝ። «አልሐምዱሊላህ! ልጄ አነበበች!» እያለ ሲሮጥ መንገደኛው ሁሉ ቆሞ አየን።

ያኔ አባቴ ዓይኑን የሚሸፍነው ጨዋታው ጥሞት ይመስለኝ ነበር። ዛሬ ሱቁን የያዝኩት እኔ ነኝ፤ በገበያ ቀን ግርግር ሁለት ዓይን እንኳ አይበቃኝም፤ እሱ ግን ለእኔ ሲል በአንድ ዓይን ነግዷል።