የባሕር ጨው ያልኩት ዱቄት

ለንስሐ አባቴ እንኳ ተናግሬው የማላውቅ ኃጢአት አለብኝ። ለሰው ስገልጠው ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ የመመረቂያ ጥናቴን የሠራሁት በባሕር ባክቴሪያዎች ላይ ነበር። እነሱ የሚያመነጩት ዝልግልግ ነገር ደርቆ ሲፈጭ ነጣ ያለ ዱቄት ይሆናል። ደፍራሽ ውሃ ላይ ሲጨመር ጭቃውን እርስ በርሱ አያይዞ ወደ ታች ያወርደዋል። የሚያወርደው ጭቃውን ነው እንጂ በሽታውን አያጠፋም። ይህን እኔ አሳምሬ አውቅ ነበር።

በፍልሰታ ጾም ዱቄቱን ይዤ መንዝ፣ ከቀየት ወጣ ብሎ ወዳለው አክስቴ ቤት ሄድኩ። ክረምት የምንጩ ውሃ ይደፈርሳል፤ የልጃቸው ሚስት የሺ ሁልጊዜ እያፈላች ነበር የምታጠጣቸው። ከተህዋስ የተገኘ ነው ብል በጾም ማን ይቀምስልኛል? "የባሕር ጨው ነው" አልኳቸው። የእንስራው ውሃ ኩልል ሲል አክስቴ እልል አሉ። ጎረቤት ጠርተው አሳዩ፤ እኔም ደረቴን ነፋሁ።

"ጨው የነካው ነገር መች ሰው ያማል?" አሉ አክስቴ። የሺ ኩበቱ በዝናብ ርሶባት ተቸግራ ነበርና "እንግዲህ ባላፈላውስ?" ስትል ጎረቤቱ ከተበተነ በኋላ ለብቻዬ ጠየቀችኝ። ከዚያ ሁሉ እልልታ በኋላ ዱቄቴ ብቻውን አይበቃም ማለት አፈርኩ። "ማፍላት አያስፈልግም" አልኳት። እኔ ነኝ ያልኳት። እኔ ራሴ ግን የታሸገ ውሃ ነበር የምጠጣው።

የሺ ማፍላቷን ተወች፤ ሳምንት ሳይሞላ አክስቴን ትውከትና ተቅማጥ ያዛቸው። ጤና ጣቢያ ሳይደርሱ ቃሬዛ ላይ አረፉ።

ከሰልስት በኋላ ልጃቸው "እናቴን ጥሬ ውሃ አጠጥታ ገደለችብኝ" ብሎ የሺን ሽማግሌ ፊት አቆማት። እሷም "አያስፈልግም ያለኝ እሱ ነው" አለች። ሽማግሌዎቹ ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ምን አልኩ? "ኧረ እኔስ አፍሊ ነው ያልኳት" አልኩ። ያመኑት እኔን ነው። የሺ ጓዟን ይዛ ራቤል፣ ወላጆቿ ቤት ገባች።

ምን ዓይነት ሰው ነኝ? ውሸቱን ስናገር ድምፄ እንኳ አልተንቀጠቀጠም።

ባለፈው ሞላሌ ገበያ አገኘኋት። ትሰድበኛለች ብዬ ስጠብቅ፣ "የእትዬ ተዝካር እንዴት አለፈ? እኔ እንደሆነ አልተጠራሁ" አለችኝ። "ደህና አለፈ" ብያት ሄድኩ።

እሷ እውነቱን ታውቀዋለች። መስማት የሚገባቸው ባሏና ሽማግሌዎቹ ናቸው። ቤታቸውን አውቀዋለሁ፤ መኪናም በየቀኑ ይሄዳል። ማሩኝ አልላችሁም፤ እነሱ ዘንድ መሄድ ፈርቼ ነው ለእናንተ የጻፍኩት።