ከገመዱ ላይ የቆረጥኩት ሽቦ

ባለፈው ነሐሴ፣ አንድ ቅዳሜ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከሃያ ላይ ጋሽ ዘለቀ ክንዳቸውን እንደሚነዝራቸው ነገሩኝ። ከዚያ በኋላ ያለፈውን አንድ ሰዓት እስካሁን አልረሳሁትም።

ጋሽ ዘለቀ ሽሮ ሜዳ አካባቢ የምንኖርበት ግቢ ጓሮ ባለች የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ጋቢ የሚሸምኑ ጎረቤቴ ናቸው። በር ላይ ስንገናኝ የጠበል ጀሪካን ይዘው ከእንጦጦ ማርያም እየተመለሱ ነበር።

«ምን ሆነው ነው?» አልኳቸው።

«ይኼ ክንዴ ይነዝረኛል።»

«መቼ ጀመረዎት?»

«ሳምንት አለፈው። ምነው፣ እንደ ሐኪም ልትጽፈው ነው?»

«ሁልጊዜ ነው?»

«ሥራ ላይ ብቻ። ሰንበት ሰንበት ይተወኛል፤ ጠበሉ ነው መሰለኝ። ዛሬ ደግሞ ዝናቡ ጉድጓዱን አርጥቦታል፤ በባዶ እግሬ ነው የምገባው።»

ጉድጓዱ ሲሸምኑ እግራቸውን የሚያስገቡበት ነው። «እግዜር ይማርዎት» ብዬ ታክሲ ያዝኩ።

አዲሱ ገበያ ስደርስ ነገሩ ገጠመልኝ። የሚነዝራቸው እዚያች ክፍል ውስጥ ብቻ ከሆነ ሕመም ሳይሆን ኮረንቲ ሊሆን ይችላል። ወደ ጉድጓዱ ሲወርዱ የሚደገፉት አምፖል የተሰቀለበትን የብረት ምሰሶ ነው። ለክፍሉ መብራት የሚወስደው የመሬት ውስጥ ገመድ ደግሞ ከላስቲኩ ሥር የብረት ሽቦ የለበሰ ነው። ከሁለት ሳምንት በፊት ነፋስ ያነሳውን የአጥር ቆርቆሮ ላስር ስል ሽቦ አጣሁ። ከዚያ ገመድ ጫፍ ወጥተው ቆጣሪው አጠገብ በብሎን የታሰሩትን ሽቦዎች በፒንሳ ቆርጬ ወሰድኩ። ገመዱን ከዶማ ለመከላከል ብቻ የተሠሩ መስሎኝ ነበር። ማንንም አልጠየቅኩም።

ደወልኩ። አያነሱም። ሲሸምኑ ስልካቸውን ቤት እንደሚተዉ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ደግሜ ደወልኩ።

ወርጄ የገባሁበት የሽሮ ሜዳ ታክሲ አልሞላም። «ሁለት ሰው ይቀራል» አለ ረዳቱ።

«የሁለቱን እኔ እከፍላለሁ፣ እንሂድ።»

«ምነው ብራዘር፣ ሙሽራዋ እየጠበቀች ነው?»

ተሳፋሪው ሳቀ። እኔ ለሦስተኛ ጊዜ እየደወልኩ ነበር።

ጋሽ ዘለቀ ሲሸምኑ ድምፁ እስከ ግቢው በር ይሰማል። ስገባ ምንም አይሰማም። በቀጥታ ወደ ክፍሉ መሮጥ አማረኝ። ግን መጀመሪያ ቆጣሪው ጋ ሄጄ ብሬከሩን አጠፋሁ። ከዚያ ሮጥኩ።

ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጠው ሱሪያቸውን እየጠቀለሉ ነበር።

«መብራት ሄደ እንዴ?» አሉኝ።

ያጠፋሁት እኔ መሆኔን፣ ሽቦውንም እኔ መቁረጤን፣ ክንዳቸውን የሚነዝራቸውም ኮረንቲ ሳይሆን እንደማይቀር ነገርኳቸው።

«እኔ የራሴ ኃጢአት መስሎኝ ስንት ቀን ዳገት ወጣሁ» አሉ። «ያንተ ነው ለካ።»

ከሰዓት በኋላ የኤሌክትሪክ ባለሙያ መጣ። ብሬከሩን ለአፍታ አብርቶ ቴስተሩን ምሰሶው ላይ ሲያደርግ ቴስተሩ በራ። የአምፖሉ ገመድ ምሰሶው ውስጥ ተፍቆ ብረቱን ነክቷል። ሽቦዎቹ በክፍሉ በኩል ከምሰሶው ጋር የተያያዙ ስለሆኑ፣ ባይቆረጡ ኖሮ ያመለጠውን ኮረንቲ ወስደው ብሬከሩን ያጠፉት እንደነበር አስረዳን። «ማነው የቆረጠው?» አለ። «እኔ» አልኩ።

በር ላይ እነዚያን ጥያቄዎች የጠየቅኩት ከልማድ እንጂ ጠርጥሬ አልነበረም። ዛሬም ሳስበው የሚከነክነኝ ይህ ነው።

ባለሙያው የአምፖሉን ገመድ ቀየረ። የሽቦዎቹን ጉማጅ በወፍራም ገመድ አስረዝሞ ከመሬት መስመሩ ጋር አሰረ፤ የብረት በሩንም አብሮ አገናኘ። ሰኞ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ብሬከሩን አብርቶ ቴስተሩን ምሰሶው ላይ አደረገ። አልበራም። ጋሽ ዘለቀ ምሰሶውን ይዘው ወደ ጉድጓዱ ወረዱ።